ነጭ ሽርጥ የምታስረው ቀለም ነካሪ

እህቴ ቀለም ነካሪ ናት። ፀሐይ የበላው መጋረጃ፣ ጉልበቱ የነጣ ሱሪ፣ ባልየው ሊጥለው ፈልጎ ሚስትየዋ ያልጨከነችበት ኮት፣ ሁሉም ወደ እሷ ይመጣል። ቀለም ነካሪ ሲባል ሰው የሚጠብቀው እስከ ክርኑ የጠቆረ፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ የገባበት ሰው ነው። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት የምታስረው ሽርጥ ነጭ ነው። ማታ ስትፈታውም ነጭ ነው።

በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ነርሷ» ይላታል። አንድ ጊዜ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነች ሴት የሚያተኩሰው ሕፃን አዝላ፣ ነርስ የት አገኛለሁ ብላ ጠይቃ፣ ሰውም በቅን ልቦና ወደ እኛ ልኳት መጣች። እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ አልሳቀችባትም። ሽርጧን ሳትፈታ ሴትዮዋን ይዛ እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ አብራት ሄደች። በሩ ላይ ተራ ይዘው ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች ሲያዩዋት ተነስተው መንገድ ለቀቁላት። ቤት ስትመለስ ነው የሳቀችው። ሥራ ብትቀይር እዚያው እንደሚሻላት፣ ሰው ቢያንስ ከመቀመጫው እንደሚነሳላት ነገረችኝ።

እትዬ የምላት ታላቄ ስለሆነች ብቻ አይደለም። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እርሳሱን አስቀምጬ በርሜል የምናማስልበትን ዱላ ያዝኩ። ያበላችኝም፣ ጸጉሬን ያበጠረችልኝም፣ ሲያስፈልግ የቆነጠጠችኝም እሷ ናት። አሁን የእኔም ጸጉር ሸብቶ «ነይ አንቺ ልጅ» ብላ ትጠራኛለች። እኔም እሄዳለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ሥራ ቤታችን ከፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ ያለቀለት ልብስ የሚሰቀልበት ብረት አለ። ከኋላ ግማሹ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግማሹ ሰማይ የሆነ ጓሮ አለን። ሁለቱ በርሜሎች እዚያ ምድጃ ላይ ተቀምጠዋል። ወለሉ ውሃው ወደ ቦዩ እንዲወርድ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ሲሚንቶ ነው። ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ቀለም ሲጠጣ የኖረ ስለሆነ ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ብጠየቅ መልስ የለኝም። እትዬ ነጭ ለብሳ የምትቆመው በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

እንዴት ታደርገዋለሽ ሲሏት ምንም ምስጢር የለውም ትላለች። በርሜል ፊት ለፊት አትቆምም፣ በጎን ነው። ልብሱን በዱላ ስታነሳው ከበርሜሉ አፍ ላይ ያዝ አድርጋ እስኪንጠባጠብ ትጠብቃለች። ልብሱ ራሱ በቃኝ እስኪል። እኔ ያ ትዕግሥት የለኝም፤ አነሳለሁ፣ እወረውራለሁ፣ ይረጨኛል። «አንቺን ያየ ሰው ዛሬ ምን ምን እንደነከርን ሳይጠይቅ ያውቃል» ትለኛለች።

ነገሩ የተጀመረው በአባታችን ነው። አባታችን ደግ ሰው ነበር፤ እጁ ግን እስከ ክርኑ ሰማያዊ ነበር። ሰላም ያሉት ሰዎች ዞር ሲሉ መዳፋቸውን ልብሳቸው ላይ ይጠርጉ ነበር። ቀለሙ እንደሆነ ደርቋል፣ አይነካም። ቢሆንም ይጠርጋሉ። እትዬ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ሥራውን ስትረከብ ገበያ ወጥታ የገዛችው የመጀመሪያ ነገር ነጭ ሽርጥ ነበር። የሰው ልብስ የሚነካ ሰው መጀመሪያ የራሱ ልብስ ነው የሚታየው፣ የምትለው ይህንን ነው። ነጠብጣብ ለእሷ ቆሻሻ ብቻ አልነበረም። የአባቷን እጅ ጨብጦ መዳፉን የሚጠርግ ሰው ነበር።

ከጎናችን ልብስ ሰፊ አለ። ከቅጥነቱ የተነሳ «መርፌው» ነው የሚባለው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው ነው። ከእትዬ ጋር የቆየ ውርርድ አለው። ሽርጧ ላይ ወይም ገላዋ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም ካገኘ ኮቱን በነፃ ትነክርለታለች። በየቀኑ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ ይላል። ክንድሽን ዘርጊ ይላታል፣ ትዘረጋለች። ዙሪ ይላታል፣ ትዞራለች። ልብስ እንደሚለካ ሰው ከፊትም ከኋላም አይቶ ሲያበቃ፣ «የለም፤ ዛሬም ኮቴ እንደነጣ ይደር» ብሎ ይሄዳል። ኮቱ ድሮ ቡናማ ነበር ይባላል። አሁን መልኩ ስም የለውም። ከፍለህ ለምን አታስነክረውም ያሉት ሰዎች ነበሩ፤ በውርርድ የተያዘ ንብረት አይነካም ብሎ መለሰላቸው። ለእኔ ጉዳዩ ኮቱ አይመስለኝም። ግን ይህን መናገር የእኔ ድርሻ አይደለም።

በሽታው የመጣው እንዲህ ስንኖር ነው። ሲመጣም በሽታ አይመስልም ነበር።

መጀመሪያ አፍንጫዋ ነው። ጉንፋን መሰለን። ጉንፋኑ ግን አልሄድ አለ። አፍንጫዋ ይደፈናል፣ ቅርፊት ይሠራል፣ ስትናፈጠው ይደማል። የበርሜሉ እንፋሎት ነው አልን። ቀጥሎ አንድ ጆሮዋ ደነቆረ። እኔ የምትፈልጊውን ብቻ ትሰሚያለሽ እያልኩ ቀለድኩባት። ዓይኗ ቀላ፤ የምድጃው ጭስ ነው። አንጓዋና ጉልበቷ ይቆረጥማት ጀመር፤ ዱላውና መቆሙ ነው። ሥራችን ለሁሉም መልስ ነበረው።

ሐኪም ቤት አልሄደችም አይባልም። ለአፍንጫዋ የሚጨመር ጠብታ ተሰጣት፣ ለጆሮዋ ሌላ ጠብታ፣ ለጉልበቷ የሚቀባና የሚዋጥ። ነገር ግን እትዬ ሥርዓት የምትወድ ሰው ናት። ለእያንዳንዱ የምትነግረው የእሱን ድርሻ ብቻ ነበር። ለአፍንጫ ሐኪም ስለ ጉልበት ማውራት ጫማ ጠጋኝ ዘንድ ኮት ይዞ እንደመሄድ ነው፤ ሰውየውን ማስቸገር ነው አለችኝ። እነሱም የተነገራቸውን አከሙ።

ከዚያ ካልሲ ማድረግ ጀመረች። እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ወፍራም፣ የወንድ ካልሲ። በዚያ ሙቀት፣ በምድጃ ፊት፣ ከላስቲክ ቦቲዋ ውስጥ። ምነው ስላት እርጅና ነው፣ ይበርደኛል አለች። እኔም ይሁን አልኩ።

አንድ ቀን አረንጓዴ መጋረጃ ከበረደው በርሜል እያወጣች ሳለ ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። ልታነሳው ብትል ጣቶቹ ወደ ታች ተንጠልጥለው ወለሉን ጠረጉ። ተደናቀፈች፣ ዱላው ከእጇ አመለጠ፣ መጋረጃው ከነውሃው ሽርጧ ላይ ወርዶ መሬት ወደቀ። ሮጬ ስደርስ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣለች። የምታየው እግሯን ሳይሆን ሽርጧን ነው። ከደረቷ እስከ ጫፉ አረንጓዴ ሆኗል።

ቁርጭምጭሚቷ ተጣምሞ ይሆናል ብዬ ቦቲዋን አወለቅኩ። እጄን ልትይዝ ሞከረች፤ ቀደምኳትና ካልሲውንም ሳብኩት።

ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ነጠብጣብ ነው። ቀለም የጠጣ ብሩሽ ይዞ አንድ ሰው ያራገፈባት ይመስላል። አንዳንዱ የመርፌ ጫፍ ያህል፣ አንዳንዱ የምስር ክክ ያህል። አዲሱ ቀይ፣ የሰነበተው ወይን ጠጅ፣ የቆየው የዝገት መልክ ያለው። ቁርጭምጭሚቷ አካባቢ ቆዳዋ ተልጦ ቆስሏል።

«ዝም በይ» አለችኝ። «መርፌው እንዳይሰማ።»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ወይን ጠጅ ዩኒፎርም የነከርን ሰሞን ነው ያየችው። ቦቲው ቀዳዳ ኖሮት ቀለም ገብቶ መስሏታል። በሳሙና ብትፈትገው አልወጣም። ከዚያ ልብስ የምንፈትንበትን ፈተና በራሷ እግር ላይ ሞከረች። እኛ የነከርነው ልብስ ይለቅ አይለቅ እንደሆነ የምናውቀው እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላዩ ላይ ጫን አድርገን ይዘን ነው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ይለቃል፤ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ቀለሙ ገብቶ ተጣብቋል ማለት ነው። እግሯ ላይ ያደረገችው ጨርቅ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በእሷ ሚዛን መልሱ ግልጽ ነበር። ቀለሙ ቆዳዋ ውስጥ ገብቶ ተጣብቋል፤ መልቀቂያው በረኪና ነው። ውሃ በቀላቀለችበት በረኪና ከመጋረጃ ኋላ ተደብቃ እግሯን ስትፈትግ ነበር የሰነበተችው። ቁስሉ ከዚያ የመጣ ነው።

«ይህን የነከረ ሰው ባለሙያ ነው» አለች፣ እግሯን እያየች። «ብቀጥረው ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔም አመንኳት። እዚህ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ገላ ላይ ያየውን ሁሉ ቀለም ነው ብሎ ነው የሚያምነው። በረኪናውን አስተውኳትና ሎሚና ጨው አመጣሁ። እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁስሉን እየዘለልኩ አሸሁላት። ትንሽ ሳለሁ የእኔን እግር እንዲህ ነበር የምታጥበው።

እግሯ አልነሳ ስላላት ከዚያን ቀን ወዲያ በርሜል አጠገብ አልደረሰችም። አልጋዋ ላይ ናት፣ ባዶ እግሯን፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ። አንድ ጠዋት ሎሚዬን ይዤ ስመጣ ጉልበቷ ላይ አዲስ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል። ማታ አልነበረም። ሁለታችንም አየነው። በርሜል ሳትነካ ቀለሙ ከየት መጣ?

እትዬ አንሶላውን መለስ አድርጋ ሸፈነችው። ከዚያ፣ ሽንቷም ቀለም እንዳለው ነገረችኝ።

መርፌው ታክሲ ይዞ መጣ። ምን እንደሆነች አልጠየቀም። እሷም ካልሲዋን አድርጋ ነበር የጠበቀችው። ደግፎ ሲያስገባት ሽርጥ አለማድረጓን አይቶ፣ ዛሬ ፈተና የለም ማለት ነው ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። ፈገግ አለችለት።

ሆስፒታል ያገኘችን ሐኪም ወጣት ናት፤ ከእንቅልፍ ጋር የተጣላች የምትመስል፣ እጇ ግን ቀስ ያለ። እኔ ካልሲውን ሳወልቅ ወንበሯን ስባ ተጠጋች። ከመስኮቱ ላይ የውሃ ብርጭቆ አንስታ ታቹን ነጠብጣቡ ላይ ጫን አደረገችና በመስታወቱ ውስጥ ተመለከተች። ቀይነቱ አልጠፋም።

«እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አይለቅም» አለቻት እትዬ።

ሐኪሟ ቀና አለችና መጠየቅ ጀመረች። አፍንጫዎ ይደማል? ጆሮዎስ? ዓይንዎ ቀልቶ ያውቃል? መገጣጠሚያዎን ያምዎታል? እግርዎ መታዘዝ ያቆመው በድንገት ነው? እትዬ በእያንዳንዱ ጥያቄ ዞር እያለች እኔን ታየኛለች፤ የነገርኳት መስሏታል።

«ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ ልጄ?»

«እግርዎ» አለች ሐኪሟ።

የሽንቷን መልክ ስትጠየቅ እትዬ እንደ ሥራዋ መለሰች። መጀመሪያ ሰሞን ቀጭን ሻይ ነበር፤ አሁን ቡናማ ነው፣ ሁለት ጊዜ ገብቶ የወጣ ቡናማ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ያንኑ ቀን አስተኛቻት።

የሆነውን እንዲህ አድርጋ አስረዳችን። ሰው ገላ ውስጥ ከጸጉር የቀጠኑ የደም ቧንቧዎች አሉ። ሰውነት ደግሞ በሽታ የሚከላከሉለት ዘበኞች አሉት። አንዳንድ ሰው ላይ፣ ለምን እንደሆነ በውል ሳይታወቅ፣ ዘበኞቹ በገዛ ቤታቸው ላይ ይነሱና እነዚያን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይመታሉ። ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ደም ያፈስሳሉ። የእግሯ ነጠብጣብ ያ የፈሰሰ ደም ነው፤ ከቧንቧው ስለወጣ ሲጫኑት አይነጣም። ቧንቧ የሌለበት ቦታ ስለሌለ አፍንጫም፣ ጆሮም፣ የእግር ነርቭም ይነካል። ኩላሊት ደግሞ መላ ነገሩ እንዲህ ያለ ቀጭን ቧንቧ ነው። በሽታው ቫስኩላይቲስ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ እሷ ራሷ በዓይኗ ካየችው በመጽሐፍ ያነበበችው እንደሚበልጥ አልደበቀችንም።

እትዬ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «እንግዲህ የምለቀው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች።

ከወገቧ በቀጭን መርፌ ከኩላሊቷ ቁራጭ ተወሰደ፤ ውጤቱም ሐኪሟ የፈራችው ሆነ። ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይገባ ጀመር። አንገቷ ላይ ቱቦ አስገብተው ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር አገናኟት። ኮሪደሩ ላይ ሐኪሟ ለብቻዬ ያለችኝን አልረሳም። መድኃኒቱ ከያዘ ኩላሊቱ ሊመለስ ይችላል፤ ካልያዘ ዕድሜ ልኳን ከማሽኑ አትለይም። ማሽኑ ያለው ደግሞ እዚህ ብቻ ነው፣ ከሰፈራችን ሩቅ። ነጠብጣቡ እንደወጣ መጥታ ቢሆን ኖሮ አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። መጨረስም አላስፈለጋትም።

እትዬ ግን ማሽኑ ላይ ተኝታ ትመራመራለች። ውሃው በስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው፣ ሙቀቱስ፣ ማን ነው የሚቆጣጠረው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጥብ ኖሬ የሚያጥበኝ አገኘሁ ትላቸዋለች። እኔ «ነርሷ» እንደምትባል ስነግራቸው እውነተኞቹ ነርሶች «ባልደረባችን» ብለው ይጠሯት ጀመር። መድኃኒቱ ፊቷን እንደ ጨረቃ አደረገው። አንዴ ይርባታል፣ አንዴ ያስለቅሳታል፣ አንዴ ያለምክንያት ትቆጣኛለች። የአፍንጫዋ አጥንት ከመሃሉ ሰመጠ። መስታወት አምጪ አለችኝ፤ አመጣሁላት። ብዙ ካየችው በኋላ፣ «የአባባ አፍንጫ ነበር» አለችና መለሰችልኝ። ከዚያ በላይ አላዘነችበትም፤ ወይም አላሳየችኝም።

መርፌው ያችን ኮቱን ለብሶ ሊጠይቃት ይመጣል። በሩ ላይ ሲታይ የመጀመሪያ ሥራዋ ብርድ ልብሱን ወደ እግሯ መሳብ ነው። ሰውየው አንገቷ ላይ የተሰካውን ቱቦ ያየዋል፣ ያበጠውን ፊቷን ያየዋል፣ የሰመጠውን አፍንጫዋን ያየዋል። እግሯን ግን እንዲያይ አልፈቀደችም።

ጊዜ ወሰደ። ከአልጋዋ ጎን የተሰቀለውን የሽንት ከረጢቷን በየቀኑ የምታየው እሷ ናት፤ ቀለም እየገባ ሳይሆን እየወጣ ያለ ልብስ እንደምትከታተል ሰው። «ዛሬ ትንሽ ታጥቧል» ትላለች ጠዋት። አንዳንድ ቀን ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፤ ያን ቀን እኔም ከረጢቱን አላየውም። ቡናማው ሻይ ሆነ፣ ሻዩ እየቀጠነ ሄደ። የማሽኑን ቀን አራራቁላት። በመጨረሻም ቱቦውን ነቀሉት፤ አንገቷ ላይ ትንሽ ፋሻ ብቻ ቀረ።

ስንወጣ ሐኪሟ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሞተም አለቻት። የቀረው ኩላሊት ጥቂት ነው። ከተነሳ ምናልባት በመጀመሪያ የሚታየው እግሯ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይታይ፣ አዲስ ነገር ከተገኘ በዚያኑ ቀን ትምጣ። እንደ በፊቱ ከተደበቀ ግን በሚቀጥለው የሚመለስ ኩላሊት አይኖርም። ይህን ስትል ያየችው እኔን ነበር።

«ከማን ልደብቅ፣ ያላያችሁት ገላ መቼ ቀረኝ» አለች እትዬ። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ዓይኗ መስኮቱን ነው የሚያየው። እኔ አውቃታለሁ።

እንደፈራሁትም ቤት በገባን ማግስት ካልሲዋን አድርጋ ጠበቀችኝ። ዛሬ ምንም የለም አለችኝ። ላየው ስል፣ ነገርኩሽ እኮ አለች። አንድ ጠዋት ታሳየኛለች፣ ሁለት ጠዋት ታኮርፋለች። ስትፈልግ ራሷ አይታ፣ ስትፈልግ ሳታይ፣ የለም ትለኛለች። ካልሲውን በግድ ልሳብ? ያሳደገችኝ ሰው ናት። ሻይዋን አቅርቤላት እየጠበቅሁ እስኪቀዘቅዝ እንቀመጣለን። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ እንደቆየን አላውቅም። ሰለቸኝ። መቆጣትም ሰለቸኝ።

«እትዬ፣ እኔ ሌላ ሰው የለኝም» አልኳት።

ጎንበስ ብላ የግራ እግሯን ካልሲ አወለቀች። የቀኙን አላወለቀችም። ግማሹም ግማሽ ነው ብዬ ያንኑ አየሁ።

ጥቂት ሰንብታ ወደ በርሜሉ ተመለሰች። ቀኝ እግሯ አሁንም አይነሳም፤ ከጫማዋ ጋር የሚታሰር የፕላስቲክ ድጋፍ ተሠርቶላታል። ስለዚህ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። አዲስ ነጭ ሽርጥ አሰረች። ሰማያዊ አልጋ ልብስ ነበር የያዝነው። ተቀምጦ በጎን መሆን አይቻልም፤ ልብሱን ስታነሳው ከፊቷ ነው የሚመጣው። ብትጠብቅም፣ ብትታገሥም፣ ከፊቷ ነው።

ወደ ማታ መርፌው ብቅ አለ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያው ፈተና ነው። እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ክንድሽን ዘርጊ አላት፣ ዘረጋች። መዞር ስለማትችል እሱ ዞራት። ወደ ፊቷ ሲመለስ እኔም አየሁት፤ የሽርጧ ጫፍ ላይ፣ ከጉልበቷ በታች፣ አንዲት ሰማያዊ ጠብታ አለች። እሱም አይቷታል። ሜትሩን የያዘው እጁ ቆመ።

«የለም» አለ። «ዛሬም ኮቴ እንደነጣ ይደር።» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ቁም» አለችው።

የሽርጧን ጫፍ አንስታ ጠብታዋ ላይ ጣቷን አኖረች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥላ ነው።»

«አንተ በመርፌ ቀዳዳ ክር ስታስገባ የምትውል ሰውዬ፣ ጥላ ነው ትለኛለህ?»

ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። የቀኝ እግሯን ድጋፍ ፈታች። ካልሲዋን አወለቀች፣ የግራውንም ደገመች። ሁለት እግሮቿን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ዘረጋቻቸው። ነጠብጣቡ ሁሉ የዝገት መልክ ይዞ እዚያው ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የበረኪናው ጠባሳ ያብለጨልጫል።

«ገላዬ ላይም ብለን ነበር የተወራረድነው። ይኸው። ድሮም ነበር፣ ካልሲ አድርጌ ሳታልልህ ነው የቆየሁት። ኮትህን አምጣ።»

መርፌው ተንበረከከ። የጨርቅ ጥራት እንደሚያይ ሰው ዝቅ ብሎ፣ ሳይነካ፣ ከላይ እስከ ታች አየው። እጁን ልብሱ ላይ አልጠረገም። ከውስጥ የመጣ አይቆጠርም ብሎ ተከራከራት፤ ይቆጠራል አለችው። አይቆጠርም፣ ይቆጠራል ሲባባሉ ቆይተው በመጨረሻ ተነሥቶ ኮቱን አወለቀ። በሸሚዝ ብቻ ሲቀር ከወትሮው የባሰ ቀጭን ነው። ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጋለህ ስትለው ኮቱን እያገላበጠ ያየው ጀመር። ይህን ሁሉ ዘመን አስቦበት አያውቅም።

ጥቁር ሰማያዊ ሆነለት። ያምርበታል። አሁን የሚወራረዱበት ስለሌለ ማታ ሲመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

እትዬ አልዳነችም፣ ድናለችም። ለምርመራ እንመላለሳለን፤ ደሟ ይታያል፣ ሽንቷ ይታያል፤ መድኃኒቱ ጸጉሯን አሳስቶታል። ሐኪሟ ይነሳል አይነሳም ብላ ቃል አትሰጥም፤ እኔም መጠየቁን ትቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን ዱካዋን አውጥታ ደጃፉ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው በሚያይበት፣ ባዶ እግሯን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። የመጣ ደንበኛ ቀለም ነው እንዴ የተረጨብሽ ካላት፣ አዎ፣ የራሴ ነው ትለዋለች። እኔ ዝቅ ብዬ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ ወደ ላይ አያለሁ። አሮጌዎቹን አንድ በአንድ ለይቻቸዋለሁ።

ትናንት ከጉልበቷ በታች አዲስ ቀይ ነገር አየሁ። እትዬም ፊቴን አይታ ገብቷታል።

«ይለቃል?» አለችኝ።

ጣቴን አኑሬ ጫን አደረግኩት። ሳነሳው ስፍራው ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀላ። የቁንጫ ንክሻ ነው። ቁንጫ ናት አልኳት።

«ቁንጫ እንኳ ሳትጠየፈኝ ቀርታ ነው?» አለችና ሽርጧን አንስታ ማሰር ጀመረች። «ተነሽ፣ እሳቱን አንድጂ።»